የድሮ አርኬድ ቦርድ ከመንካታችሁ በፊት አንብቡት

ልጆቼ፣

የድሮ አርኬድ ጌም፣ ማለትም በሳንቲም የሚሠራ የመጫወቻ ማሽን፣ ቦርድ (የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) የምትሰበስቡና የምትጠግኑ ወጣቶች በዝታችኋል። ደስ ብሎኛል። ዕድሜዬን የፈጀሁት ከእነዚህ ቦርዶች ጋር ነው፤ ከእኛ በኋላ ማን ያውቃቸዋል ብዬ እጨነቅ ነበር። አሁን ጥያቄያችሁን ስሰማ ልቤ ያርፋል። ጥያቄው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ይሄ ቦርድ የመጀመሪያው ሪቪዥን ነው ወይስ በኋላ የተሻሻለው?»

ሪቪዥን ማለት ፋብሪካው ያንኑ ጌም እያረመ ያወጣው እትም ነው። መልሱ እዚያው ቦርዱ ላይ አለ። ግን አንድ ቦታ ብቻ አይደለም። ቺፑ ላይ፣ ሌብሉ (ቺፑ ላይ የተለጠፈው ወረቀት) ላይ፣ ሽቦው ላይ፣ ሮሙ (የጌሙ ፕሮግራም የተጻፈበት ቺፕ) ውስጥ ተበታትኗል። አንዱን ብቻ አይቶ የሚወስን ሰው ይሳሳታል።

ስለዚህ ቦርድ እጃችሁ ሲገባ ብሩሹና አልኮሉ ይቆይ። መጀመሪያ ፎቶ አንሱ። ከፊትም ከኋላም፣ ከሩቅም ከቅርብም። አቧራ ቦርድን በአንድ ቀን አይገድልም። ታጥቦ የጠፋ ማህተም ወይም ተልጦ የተጣለ ሌብል ግን ተመልሶ አይመጣም።

ቀጥሎ የቺፖቹን ቀን አንብቡ። አብዛኞቹ ቺፖች ላይ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ታገኛላችሁ። የፊተኞቹ ሁለቱ ዓመቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን ይነግሯችኋል። 8123 ማለት 1981፣ 23ኛው ሳምንት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ ይደናገራል፤ የቺፑ መጠሪያ ራሱ ቀን ሊመስል ይችላልና። 7404 እና 7432 የታወቁ የሎጂክ ቺፖች ናቸው። ችኩል ሰው ግን «የ1974 ቦርድ አገኘሁ» ብሎ ይጨፍራል። 8080 ደግሞ የኢንቴል ፕሮሰሰር ነው፤ ሰማንያ ሳምንት ያለው ዓመት ስለሌለ ይሄኛው እንኳ ራሱን ያጋልጣል። መጠሪያውንና ቀኑን ለይታችሁ ጻፉ።

ቀኑ ቺፑ የተሠራበት እንጂ ቦርዱ የተገጣጠመበት አይደለም። ቺፕ መጋዘን ውስጥ ወራት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ቀኑ የሚነግራችሁ «ከዚህ በፊት አልተገጣጠመም» የሚለውን ብቻ ነው። ከመቶ በላይ ቺፕ ባለበት ቦርድ ላይ ሁሉም ከ8108 እስከ 8120 ሆነው አንዱ 8307 ቢሆን፣ ቦርዱ የ1983 ነው አትበሉ። ገልብጡትና የዚያን ቺፕ ሶልደር (እግሮቹ ከቦርዱ ጋር የተበየዱበትን ብረት) ተመልከቱ። ከጎረቤቶቹ ይልቅ የሚያብረቀርቅ ወይም በፍላክስ (ለብየዳ በሚረዳው ሙጫ) የቆሸሸ ከሆነ ጠጋኝ የቀየረው ነው። ሶኬት ላይ የተሰካ ቺፕ ደግሞ ያለ ሶልደር ስለሚነቀል ምስክርነቱ ደካማ ነው። በደንብ የምተማመነው ከቦርዱ ጋር በቀጥታ በተበየዱት፣ ማንም ባልነካቸው ተራ ቺፖች ነው።

ሌብልን በተመለከተ እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱ ቋንቋ አለው። የአታሪ ኩባንያን ሴንቲፒድ የሚባል ጌም ውሰዱ። የሮሞቹ ቁጥር 136001 ብሎ ይጀምራል። ከሰረዙ በኋላ አንዱ ሪቪዥን ላይ 207፣ ቀጥሎ ባለው 307፣ ከዚያም 407 ታያላችሁ። 07 አይለወጥም፤ የሚለወጠው የመቶ ቤቱ ነው። ዊሊያምስ የተባለው ፋብሪካ ደግሞ ቀለም ይወዳል። ሮቦትሮን በሚባለው ጌሙ ላይ ቢጫና ብርቱካናማ ሌብል ቀዳሚው ነው፣ ሰማያዊው ተከታዩ። ይህን ተምራችሁ ወደ ዲፌንደር ወይም ወደ ጃውስት አትውሰዱት፤ የቀለሙ ትርጉም ከጌም ጌም ይለያያል። በካፕኮም ስትሪት ፋይተር 2 ላይ ከቁጥሩ ጋር የሪቪዥን ፊደል አለ። ቦርዱ ሲነሳም ስክሪኑ ላይ ቀን ያሳያል። 910206 ማለት የካቲት ሳይሆን በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 6፣ 1991 ነው፤ ወደ እኛ አቆጣጠር እንዳትቀይሩት።

ሪቪዥን ማወቅ ለዋጋ ብቻ አይምሰላችሁ። በ1982 የወጣውን ጃውስትን እዩ። በቀድሞው ፕሮግራም ተጫዋቹ መሃል ያለው መቆሚያ ላይ ሆኖ ፕቴሮዳክቲል የሚባለውን አስፈሪ በራሪ ያለ ድካም እየደጋገመ መግደል ይችል ነበር። ዊሊያምስ ክፍተቱን የደፈነ ሮም ላከ። ሁለቱ ቦርዶች ሲያዩዋቸው አንድ ይመስላሉ፣ ሲጫወቱባቸው ግን ይለያያሉ። የቀድሞው ከጠፋ ሰዎች ያኔ የተጫወቱት ጌም አብሮ ይጠፋል።

አንዳንዴ ለውጡ ከሩቅ ይታያል። የኒንቴንዶ ዶንኪ ኮንግ በ1981 አሜሪካ ሲገባ የመጀመሪያዎቹ ማሽኖች ራዳር ስኮፕ የሚባል ሌላ ጌም ያለባቸው ያልተሸጡ ማሽኖች ነበሩ። ወደ 2 ሺህ የሚጠጉት ተቀይረው ዶንኪ ኮንግ ሆኑ። ቀያዮቹ ካቢኔዎች ከዚያ የመጡ ናቸው። ቦርዱም አብሮ ተለውጧል። ቀደም ያለው አራት ቦርድ የተደራረበበት ነው፤ የኋለኛው፣ ቲኬጂ4 የሚባለው፣ ሁለት ብቻ ነው። ፋብሪካዎች ልምድ ሲያገኙ ቦርድ ይቀንሳሉ፣ ቺፕ ይቀንሳሉ፣ ገንዘብ ይቆጥባሉ። በዚሁ ምክንያት መጀመሪያ ላይ ተሰርዞ እንደገና የሚጻፍበትን ባለ መስኮቱን ሮም፣ ኢፕሮምን ይጠቀማሉ፤ ፕሮግራሙ ሲረጋና ሽያጩ ሲደራ ወደ ርካሹና ይዘቱ ወደማይቀየረው ማስክ ሮም ይዞራሉ። በነገራችን ላይ ያ መስኮት አልትራቫዮሌት ብርሃን ካገኘ ፕሮግራሙ ይሰረዛል። የሸፈነውን ሌብል የማታነሱበት ሌላው ምክንያት ይሄ ነው።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ፤ ሽቦው። ቦርዱ ጀርባ ላይ ከአንድ የቺፕ እግር ወደ ሌላው የምትሄድ ቀጭን ሽቦ ታያላችሁ። አጠገቧ የተቆረጠ የመዳብ መስመር ይኖራል። ብዙ ወጣት «ይሄ የጠጋኝ ቅሌት ነው» ብሎ ይነቅላታል። ቆይ! ፋብሪካው ራሱ ቦርዱ ታትሞ ካለቀ በኋላ ስህተት ሲያገኝ የሚያርመው እንደዚህ ነው። የፋብሪካ ሽቦ ልኩ ተመጥኖ የተቆረጠ ነው፤ አካሄዱ የተስተካከለ ነው፤ ብዙ ጊዜ በማጣበቂያ ተይዟል። የመስመሩ መቆረጫም ንጹህ ነው። የጠጋኝ ሽቦ ግን ይረዝማል፣ ይንከራተታል፣ ሶልደሩም ጉብ ጉብ ይላል። ማረጋገጫው ሌላ ቦርድ ነው። ያው ሽቦ ያው ቦታ በሁለተኛው ቦርድ ላይ ካለ የፋብሪካው እጅ ነው። ከዚያ በኋላ በታተመው ቦርድ ላይ ሽቦዋ ጠፍታ የመዳብ መስመር ሆና ካገኛችኋት ደግሞ ቅደም ተከተሉን በዓይናችሁ አያችሁት ማለት ነው። እኔ ከየትኛውም ሌብል ይልቅ ይህን አምናለሁ።

በመጨረሻ ሮሙን አንብቡ። በሮም ማንበቢያ መሣሪያ ሦስት ጊዜ አንብባችሁ ውጤቱ አንድ መሆኑን እዩ። ያረጀ ቺፕ አንዴ ያለውን አንዴ አይደግመውም። ከዚያ የይዘቱ አሻራ የሆነውን የሲአርሲ32 ወይም የኤስኤችኤ-1 ቁጥር ከ1997 ጀምሮ እየዳበረ ከመጣው ከማሜ (የድሮ አርኬድ ጌሞችን ኮምፒውተር ላይ የሚያስኬድ ፕሮግራም) መዝገብ ጋር አስተያዩ። ሌብሉ ሌላ፣ ይዘቱ ሌላ ሆኖ ብታገኙት አትደንግጡ። ኦፕሬተሮች፣ ማለትም ማሽኖቹን የሚያሠሩት ሰዎች፣ ኢፕሮሙን ሰርዘው አዲሱን ፕሮግራም ሲጽፉበት ሌብሉን አይቀይሩም ነበር። ከመዝገቡ ጋር የማይገጥም ንባብ ካገኛችሁም አትጣሉት፤ የተበላሸ ቺፕ ሊሆን ይችላል፣ ማንም ያላየው ቀዳሚ ሪቪዥንም ሊሆን ይችላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ እንደ ካፕኮም ሲፒኤስ2 ያሉ ቦርዶች ላይ ባትሪ አለ። ባትሪው ሲሞት ወይም ሲነቀል የፕሮግራሙ መፍቻ ቁልፍ ይጠፋና ጌሙ አይነሳም። ምን እንደያዘ ሳታውቁ ባትሪ አትንቀሉ።

ያያችሁትን ስትመዘግቡ «ይመስለኛል»ን እና «አየሁ»ን ለዩ። «የመጀመሪያው ሪቪዥን ነው» ከምትሉ «የተበየዱት ቺፖች ከ8120 አያልፉም፣ ሌብሉ 207 ነው፣ ከኋላ ሁለት የፋብሪካ ሽቦ አለው፣ ሮሙ ከሌብሉ ጋር ይገጥማል» ብላችሁ ጻፉ፤ ፎቶውንም አያይዙ። ነገ ሌላ ልጅ ሌላ ቦርድ ይዞ ይመጣና ከእናንተው ጋር ያስተያየዋል።