ስለ ደረት ቀዘፋ ጠይቁ፦ ፍጥነትና ቴክኒክ

ኮች፦ እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ ማታ ስልጠና ስለሌለኝ ሁለት ሰዓት ያህል እዚሁ ነኝ። ጥያቄያችሁ ደረት ቀዘፋ ላይ ብቻ ይሁን። ስትጠይቁ 25 ሜትሩን በስንት ሰከንድና በስንት ስትሮክ (አንድ የእጅ መሳብና አንድ ርግጫ አንድ ስትሮክ ነው) እንደምትጨርሱ ጻፉልኝ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሲረግጥ ጉልበቱን ከውስጥ በኩል የሚያመው ሰው ዛሬ የምለውን ሁሉ ትቶ ይረፍ።

ጀማሪ ከገርጂ፦ ኮች፣ ፍጥነት እንዴት ልጨምር?

ኮች፦ በስንት ሰከንድ? በስንት ስትሮክ? ቆጥረህ ተመለስ።

ነርሷ፦ ኮች፣ እንደምን አመሹ። 25 ሜትሩን በ38 ሰከንድ፣ በ17 ስትሮክ እጨርሳለሁ። እጄ ጠንካራ ነው፣ ግን እግሬን ስሰበስብ ውሃው ውስጥ ቆሜ የቀረሁ ይመስለኛል።

ኮች፦ ጥያቄ እንዲህ ነው የሚጠየቀው። ስሜትሽ ትክክል ነው፣ የእውነት እየቆምሽ ነው። ደረት ቀዘፋ ላይ ሰውነት በእያንዳንዱ ስትሮክ ይፈጥንና መልሶ ይቀዘቅዛል። ጉልበትሽን ወደ ሆድሽ ስትስቢ ጭንሽ ወደ ታች ይወርድና ውሃውን እንደ ግድግዳ ይገጥመዋል። በእጅሽ ያገኘሽውን ፍጥነት ጭንሽ እዚያው ይበላዋል። ከአራቱ ቀዘፋዎች ይህ ቀርፋፋው የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ የወንዶች የ100 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን በነፃ ቀዘፋ 46.40 ሰከንድ ሲሆን በደረት 56.88 ነው።

ስለዚህ ጉልበትሽን አትሳቢ፣ ተረከዝሽን ወደ መቀመጫሽ አምጪ። ጉልበቶችሽ ከዳሌሽ ብዙ ሰፍተው አይከፈቱ። ተረከዝ ከደረሰ በኋላ የእግር ጣቶችሽን ወደ ውጭ አዙሪ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ እኔም ስልጠናዬን ግማሹን የማጠፋው እዚህ ላይ ነው።

አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ነበረችኝ። ቀኝ እግሯ ደህና ይዞራል፤ ግራዋ ግን ጣቱ ሹል ሆኖ ውሃውን እየሰነጠቀ ያልፋል። የገንዳው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኳትና እኔ ውሃው ውስጥ ገብቼ ውስጥ እግሯን በመዳፌ ያዝኩ። «እጄን ግፊው» ስላት እግሯ ከመዳፌ አዳልጦ ወጣ። ቁርጭምጭሚቷን ወደ ላይ አጠፍኩላት፣ ጣቶቿን ወደ ውጭ አዞርኩላት። ደግማ ስትገፋ ወደ ኋላ ልትጥለኝ ደረሰች። ለሦስት ሳምንት በየቀኑ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሃያ ጊዜ፣ ከዚያ በሆዷ ተኝታ፣ ከዚያ ተንሳፋፊ ቦርድ በእጇ ይዛ ሠራች። በ25 ሜትር ከ16 ስትሮክ ወደ 11 ወረደች። እጇን አልነካነውም። አንቺም ከዚያው ጀምሪ።

ዋናተኛው፦ ኮች፣ ጥሩ መነጽር ይጠቁሙኝ።

ኮች፦ ፊትህ ላይ የሚጣበቅ፣ ውሃ የማያስገባ። ቀጣይ።

የአዳማ ልጅ፦ ቁርጭምጭሚቱ እንዲፈታ ሶደሬ ሄዶ መዋኘት ነው። ሙቅ ውሃ ጡንቻ ያላላል፣ እኔ እዚያ ነው የለመድኩት።

ማስተርስ ዲሲ፦ ሙቅ ውሃ ውስጥ ጠንከር ያለ ልምምድ ራስ ያዞራል። ሶደሬ ለመዝናኛ ነው።

የአዳማ ልጅ፦ ወንድሜ፣ ሶደሬን አይተኸዋል? ስንት ልጅ ዋና የለመደበት ቦታ ነው!

ማስተርስ ዲሲ፦ አልናቅኩትም፣ ለፍጥነት ልምምድ አይሆንም ነው ያልኩት።

ኮች፦ ሁለታችሁም በቃ። ለመልመድና ለማፍታታት ሙቅ ውሃ ደህና ነው። የውድድር ገንዳ ግን ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ነው፤ የፍጥነት ልምምድ በዚያ ይሠራ። ወደ ደረት ቀዘፋ እንመለስ።

ማስተርስ ዲሲ፦ እሺ ኮች። የእኔ ጥያቄ፦ እንግሊዛዊው አዳም ፒቲ ሲዋኝ ከርግጫ በኋላ ቀጥ ብሎ የሚንሸራተት አይመስልም፣ እጁ አያርፍም። እርስዎ ግን ሁልጊዜ «ተንሸራተቱ» ይላሉ።

የሐይቅ ዳር፦ ጃፓናዊው ኪታጂማ ግን ረጅም ይንሸራተት ነበር፣ አቴንስ 2004ም ቤጂንግ 2008ም 100ውንም 200ውንም ወርቅ ወስዷል። ከእሱ የሚበልጥ የለም።

ማስተርስ ዲሲ፦ ፒቲ ጓንግጁ ላይ በ2019 56.88 ሲዋኝ ያኔ ከ57 በታች የገባ ሌላ ሰው አልነበረም!

ኮች፦ ፒቲ የ100 ሰው ነው፤ በ100 ሜትር ብዙ መንሸራተት ማለት መቀዝቀዝ ነው። በ200 ሜትር ደግሞ እንደ ፒቲ የሚሽቀዳደም ሰው መጨረሻው 50 ላይ እግሩ ይከዳዋል። ፍጥነት የሁለት ነገር ብዜት ነው፦ በአንድ ስትሮክ የምትሄደው ርቀትና በደቂቃ የምትሠራው ስትሮክ። የፒቲ እጅ ቢቸኩልም ከርግጫው በኋላ አጭር ቢሆንም ቀጥ የሚልበት ቅጽበት አለው፣ ቪዲዮውን ቀስ አድርጋችሁ እዩት። ጀማሪ ቀጥ ማለትን ሳይችል እጁን ካጣደፈ ውሃ ከማንቦራጨቅ አያልፍም። ቅደም ተከተሉ ሳብ፣ ተንፍስ፣ ርገጥ፣ ቀጥ በል ነው። እግር ሲረግጥ እጅ ወደፊት ተዘርግቶ ማለቅ አለበት።

ሰናይት ነኝ፦ ኮች፣ እጄን እስከ ወገቤ ብስበው አይፈጥንም?

ኮች፦ አይፈጥንም። ከፑልአውት (ከግድግዳ ስንነሳ ውሃ ውስጥ ከምንሠራው አንድ ረጅም ስትሮክ) ውጭ እጅ ከዳሌ መስመር ካለፈ ሕጉ ራሱ ያስወጣሻል። ከትከሻ መስመር ሳታልፊ ክርንሽን ሰብስበሽ ወደፊት ወርውሪ።

ጋሽ ዋናተኛ፦ ልጄ፣ 58 ዓመቴ ነው። ስዋኝ አንገቴን ያመኛል።

ኮች፦ ጋሼ፣ ፊት ለፊት እያዩ ስለሚዋኙ ነው። ፊትዎን ውሃ ውስጥ ይክተቱ፣ ዓይንዎ የገንዳውን ወለል ይይ። ለመተንፈስ አገጭዎን አያንሱ፤ ደረትዎ ሲነሳ ራስዎ አብሮ ይነሳል። ጉልበትዎን ካመመዎት ደግሞ ርግጫውን ያቁሙ።

የሐይቅ ዳር፦ ከግድግዳ ስንነሳ ውሃ ውስጥ ስንት ርግጫ ይፈቀዳል? አንዱ ዶልፊን ኪክ (ሁለት እግር ገጥሞ እንደ ዓሣ ጭራ ወደ ታች መርገጥ) ክልክል ነው ብሎኛል።

ኮች፦ ይሄ የድሮ ሕግ ነው። አቴንስ 2004 ላይ አሜሪካኖቹ ኪታጂማ ዶልፊን ኪክ ሠርቷል ብለው ቅሬታ አሰሙ፣ ሜዳልያው ግን ጸና። በ2005 ሕጉ ተቀየረና አንድ ዶልፊን ኪክ ተፈቀደ። አሁን ከግድግዳ ስትነሳ እጅህን እስከ ጭንህ አንድ ጊዜ ትስባለህ፣ አንድ ዶልፊን፣ አንድ የደረት ርግጫ፣ ከዚያ ትወጣለህ። በሁለተኛው ስትሮክ እጅህ በጣም ከሰፋበት ወደ ውስጥ ሳይዞር ራስህ ከውሃ መውጣት አለበት።

ወደ ኋላ ደግሞ፣ ሜልበርን 1956 ላይ ጃፓናዊው ማሳሩ ፉሩካዋ የ200 ሜትሩን ብዙውን ክፍል ከውሃ በታች ዋኝቶ ወርቅ ወሰደ። ከዚያ በኋላ ነው ይሄ የተከለከለው። ከውሃ በታች ያለው አካል በማዕበል ስለማይቸገር ይፈጥናል፤ ዛሬም ፑልአውት ከሙሉው ስትሮክ ይፈጥናል። ስለዚህ ችላ አትበሉት። ግን ብቻችሁን ሆናችሁ፣ የሚያይ ሰው ሳይኖር፣ ትንፋሽ ይዛችሁ ከውሃ በታች አትለማመዱ። ሰው ሳይታወቀው ራሱን ይስታል። ደግሜ እላለሁ፣ ብቻችሁን አታድርጉት።

ቢኒ፦ ኮች፣ ፍጥነት ለመጨመር ምን ይሻላል?

ኮች፦ ከላይ ጽፌዋለሁ። ወደ ላይ ተመለስና አንብብ።

አዲስ ገቢ፦ ክብደት ለመቀነስ ደረት ነው ነፃ ቀዘፋ?

ኮች፦ የምትወደውን ዋኝ። ስለ ክብደት ከሥነ ምግብ ባለሙያ ጋር ተነጋገር።

ማስተርስ ዲሲ፦ አዲስ አበባ ስመጣ ሁለተኛው 50 ላይ ትንፋሽ ያጥረኛል።

ኮች፦ ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ቀስ በል።

ጀማሪ ከገርጂ፦ ኮች፣ እህቴ የቀረጸችኝ ቪዲዮ ላይ ቆጠርኩ። 25 ሜትር፣ 34 ሰከንድ፣ 22 ስትሮክ።

ኮች፦ ጎሽ፣ አሁን መነጋገር እንችላለን። 22 ብዙ ነው፤ እጅህ ከእግርህ ቀድሞ እየሄደ ነው። ለሁለት ሳምንት ይህን ሥራ፦ አንድ ጊዜ ሳብ፣ ሁለት ጊዜ ርገጥ። ሁለተኛውን ስትረግጥ እጅህ ተዘርግቶ፣ ጆሮህ በክንዶችህ መሃል ይሁን፣ «አንድ፣ ሁለት» ብለህ እስክትቆጥር ቀጥ በል። 25 ሜትሩን ስምንት ጊዜ ሥራ፣ በየመሃሉ ሠላሳ ሰከንድ እረፍት። ከዚያ በመደበኛው አንድ 25 ዋኝና ቁጠር። ሰዓት አትያዝ። 18 ስትደርስ ሰዓት መያዝ እንጀምራለን። እህትህ ከጎን ሳይሆን ከኋላህ ቆማ ትቅረጽህ፣ የሁለቱንም እግርህን መዞር ማየት እፈልጋለሁ።

ጀማሪ ከገርጂ፦ እሺ ኮች። ትናንት ግራ ጉልበቴን ትንሽ አሞኝ ነበር፣ ችግር አለው?

ኮች፦ ከውስጥ በኩል ነው? ከሆነ ርግጫውን እስኪጠፋ ተወው። በዚያ መሃል እግርህ መካከል ፑልቦይ (እግር የሚያንሳፍፍ ስፖንጅ) ይዘህ በእጅ ብቻ ዋኝ፣ ሐሙስ ምን እንደተሰማህ ጻፍልኝ።