ከጅማ ለጻፈልኝ ስቲከር ሠሪ

«ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ ባለ አንድ የማስታወቂያ ሥራ ቤት ስቲከር መቁረጥና መለጠፍ ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ባጃጅ፣ ሚኒባስና የሱቅ መስታወት እሠራለሁ፤ ከደመወዜም ግማሹን ለቤት ኪራይ እሰጣለሁ። አንድ ደንበኛ በስልኩ የባለሸራ ጀልባዎች ውድድር አሳየኝ። ከአፍንጫቸው እስከ ጭራቸው፣ ሸራቸው ጫፍ ድረስ፣ የስፖንሰር ስምና ሥዕል ተለጥፎባቸዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አላስብም። አባቴ ግን ‹ልጄ ለጣፊ ነው ብዬ ለሰው አልናገርም› ይላል። አዲስ አበባ ያለው አጎቴ ይህን ሥራ ትቼ አካውንቲንግ ከተማርኩ የኮሌጁን ክፍያ እንደሚችል ነግሮናል። አንድ ደላላ ደግሞ ዱባይ ጀልባ የሚያስውብ ድርጅት አስገባሃለሁ ብሎ ገንዘብ ጠይቆኛል። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፤ ባሕርም አይቼ አላውቅም። ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ላይ የገረመኝ ጀልባው ነበር። በሦስተኛው ግን ዓይኔ አንድ ቃል ላይ ቀረ፤ «ለጣፊ» የሚለው ላይ።

ከደላላው ልጀምርና ልገላገለው። አንድ ብር እንዳትሰጠው። የቀጣሪውን ስም፣ አድራሻና የተፈረመ የሥራ ውል ሳያሳይ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው የሚሸጥልህ ሥራ የለውም።

አሁን ወደ አባትህ። እኔ በአንተ ዕድሜ ጅማ ውስጥ በብሩሽ የሱቅ ሰሌዳ እጽፍ ነበር። ያኔ የሚሉኝ «ቀለም ቀቢ» ነበር፤ ዘመድ ቤት ስሄድ እናቴ ጣቶቼን በነጭ ጋዝ አሽታ ታስለቅቀኝ ነበር፣ ሥራዬ እንዳይታወቅ። ስለዚህ ከአባትህ ጋር የምነጋገረው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። አባትህን አከብራለሁ፤ ግን ተሳስተዋል። ከመለጠፍ ከምታገኘው ደመወዝ ግማሹ ለሚኖሩበት ቤት ኪራይ ይሄዳል። በወሩ መጨረሻ ገንዘቡን ሲቀበሉ የማያፍሩበትን ሥራ ስሙን ሲጠሩ ሊያፍሩበት አይገባም። ይህን አንተ በእነዚህ ቃላት እንድትነግራቸው አልመክርህም፤ እኔ ግን ብያለሁ፣ ከፈለግህ ደብዳቤዬን አንብብላቸው።

የሚንቁት ስለማያውቁት ይመስለኛል። እርሳቸው የሚያዩት ያለቀውን ፊደል ነው። የራሴን ውድቀት ልንገራቸው።

ከሃያ ዓመት በፊት ገደማ፣ በሐምሌ ወር፣ የአንድ ሰው አውቶቡስ ላይ ስም እንድሠራ ተዋዋልኩ። ፕሎተር፣ በኮምፒውተር ታዝዞ ፊደል የሚቆርጠው ማሽን፣ ገና መግባቱ ነበር፤ ብሩሼን አስቀምጬ አዲሱን መንገድ ለመሞከር ቸኩያለሁ። ስቲከር ከሚቆረጥበት ፕላስቲክ፣ ከቪኒል፣ ካለው ሁሉ ርካሹን ጥቅል ገዛሁ። አውቶቡሱ ሰም ተወልውሎ ስለመጣ እንደ መስታወት ያበራል፤ ንጹሕ መሰለኝና በደረቅ ጨርቅ ብቻ ጠርጌ ለጠፍኩበት። ነሐሴ ሳያልቅ የ«መ» እግር ከታች ተነሥቶ እንደ ቅጠል ይርገበገብ ጀመር። ቀረብ ብዬ ሳይ በእያንዳንዱ ፊደል ዙሪያ ክር የሚያህል ጥቁር መስመር ወጥቷል። ፊደሉ ተኮማትሮ፣ ከሥሩ የወጣው ሙጫ የመንገዱን ጭቃ ይዞ ነው። ባለቤቱ ምንም አልተናገረም፤ አጠገቤ ቆሞ ብቻ አየ። ሁለት ቀን በጥፍሬ ስፍቅ ዋልኩ።

በኋላ ምክንያቱን ተማርኩ። ርካሹ ቪኒል የሚሠራው በሚሽከረከሩ ሲሊንደሮች መካከል ተዳምጦና ተስቦ ነው፤ ስለዚህ ፀሐይ ሲያገኘው ወደ ድሮ መጠኑ መመለስ ይፈልጋል። «ካስት» የሚባለው ግን እንደ ፈሳሽ ተዘርግቶ የሚደርቅ ነው፤ የተሳበ ነገር ስለሌለው ወደኋላ የሚጎትተው የለም። ውፍረቱ 50 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ከርካሹ ይሳሳል፣ ከርካሹ ግን ብዙ ዓመት ይቆያል። አንተ ባየኸው ጀልባ ላይ፣ ጎኑ እንደ እንቁላል በዞረበት ቦታ፣ ቅርጹን ይዞ የሚቀመጠው ይህ ነው።

የጀልባው ገላ በብዛት ፋይበር ግላስ፣ ማለትም በመስታወት ክር የተጠናከረ ፕላስቲክ፣ ወይም ካርቦን ፋይበር ነው። ፋይበር ግላስ ሲሆን የላይኛው ቆዳው ጄልኮት ይባላል። አዲስ ከሆነ ከቅርጽ ማውጫው የመጣ ሰም ይኖርበታል፤ አንዳንዴም ገና እየደረቀ ጋዝ ስለሚተነፍስ ቶሎ የለጠፍክበት ፊደል በአረፋ ይሞላል። አሮጌ ከሆነ ደግሞ ጨውና የዓመታት ፖሊሽ አለበት። በሳሙናና በውሃ ይታጠባል፣ ሰሙ በሰም ማስለቀቂያ ይነሣል፣ ከዚያ በአልኮል ይወለወላል፤ አልኮሉ በራሱ ሳይተን በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ይደርቃል፤ በራሱ ከተነነ ያነሣውን ቅባት እዚያው መልሶ ይጥለዋል። እኔ አውቶቡሱ ላይ የዘለልኩት ይህን ነው። በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚወርድባት ጅማ የሚሠራ ሰው ደግሞ በደንብ ያልደረቀ ገላ ምን እንደሚያደርግ ከማንም ቀድሞ ያውቃል።

ሸራው ራሱን የቻለ ሌላ ሙያ ነው። በባጃጅ የምትለጥፈውን ስቲከር ሸራ ላይ ብትለጥፍ፣ ሸራው ሲታጠፍና ነፋስ ሲያርገበግበው ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ ጀልባውን ከሌላው የሚለየው ቁጥርና ፊደል የሚቆረጠው ከኋላው ሙጫ ካለው የፖሊስተር ጨርቅ ነው፤ ሸራ ላይ ሸራ እንደ መጣፍ ማለት ነው። ነፋስ ከኋላ ሲመጣ የሚዘረጋው ትልቁ ባለቀለም ሸራ ደግሞ ከስስ ናይለን የሚሰፋ በመሆኑ ከባድ ነገር አይሸከምም። ምሰሶው ጫፍ ላይ የምትጨምረው እያንዳንዱ ግራም ጀልባውን ወደ ጎን ያጋድላል፤ ተወዳዳሪው በሚዛን ነው የሚያስበው። ብርሃን ደግሞ በሸራው ያልፋል። በግራ ያለው ቁጥር በቀኝ ካለው ጋር እንዳይደበላለቅ የውድድሩ ደንብ በቀኝ በኩል ያለው ከግራው ከፍ ብሎ እንዲቀመጥ ያዛል። የገላው የፊተኛ ክፍልም ለውድድሩ አዘጋጅ ማስታወቂያ ሊያዝ ይችላል። ይህን ደንብ ሳታነብ የስፖንሰሩን ስም እዚያ ላይ ብትለጥፍ ሥራህ ያማረ ሆኖ ሳለ ይነሣል።

ሌላም አለ። ቀጥ ያለ ክር ወጥረህ በዞረ ጎን ላይ ፊደል ብትደረድር፣ ከሩቅ ሲታይ እንደ ደጋን ይጎብጣል። መለኪያህ የውሃው መስመር ነው፤ እሱን ይዘህ ለዓይን ቀጥ የሚለውን ትፈልጋለህ። 25 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ፊደል 30 ሜትር ላይ በምቾት ይነበባል፤ 300 ሜትር ላይ ሲደርስ ዓይን መጨነቅ ይጀምራል። ጀልባ ደግሞ የሚታየው ከባሕር ዳርቻ ወይም ከሄሊኮፕተር ነው። ስለዚህ ስፖንሰሩ አድራሻውንና ስልኩን ሁሉ ካልጨመርክ ቢልህ፣ እምቢ ማለት የሥራው አካል ነው።

ሰው ለዚህ የሚከፍለው ለምን እንደሆነም ለአባትህ ንገራቸው። እ.ኤ.አ. በ1989 የጀመረው ቫንዴ ግሎብ የሚባል ውድድር አለ፤ አንድ ሰው ብቻውን፣ ሳይቆም፣ 18 ሜትር ከሚበልጥ ጀልባ ጋር ዓለምን ይዞራል። እዚያ ውድድር ላይ ጀልባዎቹ በብዛት የሚጠሩት በስፖንሰራቸው ስም ነው፤ ባንክ ወይም የመድን ድርጅት ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2024 ባርሴሎና ላይ የአሜሪካ ዋንጫ የሚባለውን የባለሸራ ጀልባዎች ውድድር ያሸነፈው የኒውዚላንድ ቡድንም ያኔ ኤምሬትስ የሚለውን ስም ይዞ ነበር የሚጠራው፤ ቦሌ ላይ በየጊዜው የሚያርፈው አየር መንገድ ማለት ነው። ስፖንሰሩ ሲቀየር የድሮው ስም ተላጦ አዲሱ ይለጠፋል። ጀልባውን እንደገና ቀለም ከመቀባት ይህ ፈጣን ነው።

አጎትህ ላይ ስመጣ የበለጠ እቆጣለሁ። በየሳምንቱ ዲግሪያቸውን በላስቲክ አቃፊ ይዘው ፊቴ የሚቀመጡ የአካውንቲንግ ምሩቃን አሉ። ሂሳብ ሥራ የከበረ ሙያ ነው፤ ወዶት ለገባበት ሰው። ከእነዚህ ልጆች ጥቂት የማይባሉት ግን የተማሩት ሌላ ሰው ስለከፈለላቸው ብቻ ነው፤ አራት ዓመት አልፎ እጃቸው ምንም አያውቅም። አንተ ሦስት ዓመት ሠርተህ እጅህ ያውቃል። አጎትህን እንዲህ ብለህ ጠይቀው፦ «የአንዱን ዓመት ክፍያ ግማሹን ብቻ ስጠኝ፤ ሁለት ጥቅል ጥሩ ቪኒልና የመንገድ ገንዘብ ይሁነኝ፤ ሂሳቡን በየወሩ ጽፌ አሳይሃለሁ።» እሺ ካለ ዘመድ አለህ። እምቢ ካለ ገንዘቡ ለቤተሰቡ ስም እንጂ ለአንተ እንዳልተያዘ ትረዳለህ፤ ያኔ ሳትጣላ አመስግነህ ወደ ሥራህ ተመለስ። የሂሳብ አያያዝ እንኳ ብትፈልግ የማታ አጭር ሥልጠና ይበቃሃል፤ ነገ የራስህን ቤት ስትከፍት ይጠቅምሃል።

አሁን አንተንም ልጫንህ። በጀልባ ብቻ የሚተዳደር ስቲከር ሠሪ በወደብ ከተሞችም ብርቅ ነው። ሞምባሳ ብትሄድ፣ ኬፕታውን ብትሄድ፣ ጀልባ የሚለጥፈው ቤት በቀሪው ሳምንት የጭነት መኪናና የሱቅ መስታወት ይለጥፋል። ስለዚህ ባጃጁን እንደ ጊዜ ማሳለፊያ አትየው። የባጃጅ አፍንጫና የሞተር ብስክሌት የነዳጅ ታንከር ሁለቱም ወደ ሁለት አቅጣጫ የሚዞሩ ናቸው፤ የጀልባ ጎንን በትንሹ የሚያስተምሩህ እነሱ ናቸው። የውሃ ሮቶ ላይ ግን አትለማመድ፤ ፕላስቲኩ ሙጫ ስለማይቀበል ጥፋቱ የአንተ ይመስልሃል።

ከዚያ ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር ውረድ። ሐይቁ ላይ ጎብኚ የሚያመላልሱ ጀልባዎች አሉ፤ ፋይበር ግላስ የሆነውን ፈልግ። ለአንዱ ባለቤት የቁሳቁሱን ዋጋ ብቻ አስከፍለህ የጀልባውን ስም ሥራለት፣ ከውሃው መስመር በላይ። ከስድስት ወር በኋላ ተመልሰህ እየው። ያ አንድ ጀልባ በፎቶ ተይዞ ከደላላው ቃል ሁሉ ይበልጥብሃል። ቀጥሎ ወደ ሞምባሳ ብታስብ፣ ለኢትዮጵያዊ ኬንያ መግቢያ ቪዛ አያስፈልግም፤ ለመሥራት ግን የሥራ ፈቃድ ግድ ነው፣ ይህን ሳታሟላ ሥራ እንዳትጀምር።

ብሩሽም ያዝ። ፕሎተር ባለበት ዘመን ለምን ትለኛለህ። ኮምፒውተሩ በፊደላት መካከል የሚተወው ክፍተት ትንሽ ጽሑፍ ላይ አይታወቅም፤ ሦስት ሜትር ስታሳድገው ግን በ«ለ» እና በ«ፐ» መካከል በር የሚያህል ቀዳዳ ይከፈታል። ያንን የሚያይ ዓይን እኔ ያገኘሁት ፊደል በእጄ ስጽፍ ነው፤ ሌላ መንገድ ካለም እኔ አልሄድኩበትም። ማታ ማታ በአሮጌ ጋዜጣ ላይ አንድ ቃል ሃያ ጊዜ ጻፍ።

እንግሊዝኛህን በዚሁ ሥራ አሻሽል፤ የቪኒል ጥቅል ሳጥን ላይ ያለውን መመሪያ በየቀኑ አንድ አንቀጽ ተርጉም። ባሕር አለማየትህ ምንም አይደለም።

ይህን ሳምንት አንድ ሥራ ልስጥህ። ጥሩውንና ርካሹን ቪኒል ጎን ለጎን በአንድ ባጃጅ ላይ ለጥፍ፣ ተመሳሳይ ፊደል፣ ተመሳሳይ አጠራረግ። የሁለቱንም ጥግ በቅርብ ፎቶ አንሣ፤ ቀኑንም ከኋላው ጻፍበት። ክረምቱ ይለፍበት። መስከረም ላይ ያንኑ ጥግ እንደገና አንሣና አራቱንም ፎቶዎች ላክልኝ። ከእኔ በፊት ግን ለአባትህ አሳያቸው፤ የትኛው ለምን እንደተነሣ በራስህ አፍ አስረዳቸው።