ወደ ሳህኑ ሳያቋርጥ የሚፈስ የሽንት ቤት ውሃ

ታንኩ ውስጥ ከታች ያለውን የውሃ መውጫ መዝጊያ ጎማ ቀይረህም ውሃው ወደ ሳህኑ መውረዱን አላቆመም ብለሃል፤ መጀመሪያ ከላይ ይሁን ከስር የሚያፈሰው ለይ።

የታንኩን ክዳን አንሳና መሃል ላይ የቆመውን ቱቦ እይ። ውሃው ከአፉ ደርሶ ወደ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ጥፋቱ የጎማው አይደለም፤ ውሃ የሚያስገባው ቫልቭ በጊዜ አይዘጋም ማለት ነው። ውሃው ከቱቦው አፍ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ እንዲቆም ቫልቩን የሚዘጋውን ተንሳፋፊ ዝቅ አድርገው። ያም ሆኖ ካልዘጋ ቫልቩን አጽዳው ወይም ቀይረው።

ውሃው ከቱቦው አፍ በታች ሆኖ እያለ የሚፈስ ከሆነ ግን ከስር ነው፤ ካልከው ተነስቼ ስገምት ያንተ ይኼኛው ይመስለኛል።

1. የታንኩን መግቢያ ውሃ ዝጋና ፍላሽ አድርገህ ባዶ አድርገው።
2. ጎማው የሚያርፍበትን ጠርዝ ዙሪያውን በጣትህ ዳስሰው። አዲስ ጎማ ተገጥሞም የሚያፈሰው ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነጭ ዝቃጭ ስለሚጋገር ነው። በሻካራ ስፖንጅ እሸው። ቢላዋም ሆነ ሌላ ብረት አታስነካው፤ ጠርዙ ከተጫረ የትኛውም ጎማ በደንብ አይገጥምበትም።
3. ሰንሰለቱን እይ። ከተወጠረ ጎማውን አንጠልጥሎ ይይዘዋል፤ ከረዘመ ደግሞ ጎማው ስር ይገባል። ጥቂት ላላ ይበል።

አንድ ነገር አደራ፦ ታንክ ውስጥ የሚጣሉትን ክሎሪን ያለባቸው የማጽጃ እንክብሎች ተዋቸው። ጎማውን እያደረቁና እያጣመሙ ቶሎ ሲያበላሹት ደጋግሜ አይቻለሁ።