«ጣዕሙ ማስረጃ ነው» ይባላል?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ላይ ቡና ስንጠጣ ጓደኛዬ «ይህ የዘጌ ቡና ነው፤ ጣዕሙ ማስረጃ ነው» አለኝ። እኔ ደግሞ ጣዕም ማስረጃ አይባልም አልኩት። ማናችን ልክ ነን?

መልስ፦ በቅድሚያ «ጣዕም»ን በዐይኑ «ዐ» ስለጻፉ አመሰግናለሁ። ሥሩ ግእዙ «ጥዕመ» ነው፤ አማርኛው «ጣመ» ዐይኑን ውጦ ቀርቷል። በዕብራይስጥ ይኸው ሥር ጣዕምንም ማስተዋልንም ይሰይማል፤ በመጽሐፈ ዕዝራ የአራማይስጥ ክፍል ደግሞ የንጉሥ ትእዛዝ ማለት ነው። ምላስና ፍርድ የቆየ ዝምድና አላቸው።

«ጣዕም የግል ነው፤ ከክርክር ይውጣ» የሚሉ ሰዎች ሰዋስዉን ልብ አላሉትም። «ጣመኝ» ሲባል «ኝ» የምትለው ተሳቢ ምዕላድ ነገሩን ከቀማሹ ጋር ታስረዋለች። «የለም፣ አልጣመህም» ብሎ የሚሞግት የለም፤ ስለዚህ ስለ ቡናው የሚያስረዳው ነገር የለም። «ኮምጣጣ ነው» ግን ስለ ቡናው የተነገረ ነውና ሌላው ቀምሶ ሊያስተባብለው ይችላል። ለክርክር የሚበቃው ይህ ነው።

ከ«ተቀመጠ» መቀመጫ፣ ከ«አስቀመጠ» ማስቀመጫ ይወጣል። እንደዚሁ ከ«ተረዳ» መረጃ፣ ከ«አስረዳ» ማስረጃ። እዚያ «ጠ» «ጨ» እንደሆነች እዚህም «ደ» «ጀ» ሆነች። በጓደኛዎ ምላስ ላይ ያለው እንግዲህ መረጃ ነው፤ እርስዎን ሲያስረዳ ማስረጃ ይሆናል።

እንዲያስረዳ ሦስት ሲኒ ይቅረብለት፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ አንዱ የተለየ፣ ስማቸው ሳይነገር። ከሁለቱ ዓይነት አንዱ ዘጌ መሆኑ የተረጋገጠ ይሁን፤ ማነጻጸሪያ ከሌለ መለየት ብቻውን የትውልድ ቦታን አያሳይም። በግምትም ከሦስት አንዴ ይገኛልና ደጋግሞ ይለይ። የሙያው ቀማሾች ለ150 ሚሊ ሊትር ውሃ 8.25 ግራም ቡና ይመዝናሉ፤ መጠኑ ከተለያየ የሚቀመሰው ቅጥነትና ውፍረት ነው። እስኪጠቁር ከተቆላ የምጣዱ ምሬት የአገሩን ጣዕም ይሸፍናል። ስኳርና ጤና አዳምም ይቅሩ።

እስከዚያ «ጣዕሙ ይጠቁማል» ቢል ይሻላል። «ጣዕሙ ይመሰክራል» የሚለውን እኔ አልወደውም፤ ምስክር መስቀለኛ ጥያቄ የሚቀርብለት ሰው ነው። «ሥራው ይመሰክራል» ከተባለ ግን ብዙ ዘመን ስለሆነው ስሕተት ልለው አልችልም። መረጃንና ማስረጃንም ዛሬ ብዙ ጸሐፊ አንዱን በሌላው ቦታ ያስገባል፤ አጠቃቀሙ ወደዚያ ማዘንበሉን ሳልወድ እቀበላለሁ። በዚህ ዓምድ ግን ተለይተው ይጻፋሉ።