ለአይኤልትስ ሪዲንግና ራይቲንግ ኮርስ ልክፈል ወይስ ቤት ልስራ ላልሽው እህት

ጥያቄሽን ማታ አይቼዋለሁ፣ ሰው ሁሉ «በርቺ ትችያለሽ» እያለ ስላለፈ እኔ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። ያልሽው ባጭሩ፣ ኮዬ ፈጬ ነው የምኖረው፣ 12ኛ ጨርሻለሁ፣ ውጪ ያለ ኮሌጅ ተቀብሎኛል ግን አይኤልትስ (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) አካዳሚክ የሚባለውን ወስደሽ 6.5 አምጪ ብሎኛል፣ ሊስኒንግና ስፒኪንግ ፊልም ስለማይ ብዙ አያሳስበኝም፣ ሪዲንግ ላይ ሰዓት ያልቅብኛል፣ ራይቲንግ ደግሞ ከየት እንደምጀምር ራሱ አላውቅም፣ መሀል ከተማ ኮርስ ልክፈል ወይስ ቤት ቁጭ ብዬ ልስራ ነው። እኔ ጎረቤትሽ ነኝ፣ ቱሉ ዲምቱ። ፈተናውን ወስጃለሁ፣ አሁን ደግሞ ብሎካችን ያሉ ልጆች ሲዘጋጁ ወረቀታቸውን አይላቸዋለሁ፣ ስለዚህ የምልሽ ካየሁት ነው።

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ለሪዲንግ ብር አትክፈይ። ለራይቲንግ ክፈይ፣ ግን ለኮርስ ሳይሆን ጽሁፍሽን ቁጭ ብሎ አንብቦ ለሚያርምልሽ ሰው።

ኮርስ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ ግን አስቢው፣ ከኮዬ መገናኛ ወይ ፒያሳ ለመድረስ ሰልፉ፣ መንገዱ፣ መልሱ ሲደመር ግማሽ ቀንሽ ሄደ ማለት ነው። ደርሰሽ ደግሞ ክፍሉ ሙሉ ተማሪ ነው፣ አስተማሪው የጥያቄ አይነቶችን ያስረዳል (ዩቲዩብ ላይ በነጻ ሞልቶልሻል)፣ ከዛ ሃንድአውት ይሰጥሻል፣ አንቺ የጻፍሽውን አንድ ገጽ ግን ከላይ እስከታች የሚያይልሽ የለም። እንዴትስ ብሎ ያን ሁሉ ልጅ ያያል።

የኛ ችግር ከየት እንደሚመጣ መጀመሪያ ልንገርሽ ምክንያቱም ልምምድሽ እሱን ማስተካከል ነው ያለበት። እኛ ሃይስኩል አብዛኛውን ትምህርት በእንግሊዝኛ ተምረናል፣ የ12ኛ እንግሊዝኛ ፈተና ግን ምርጫ ነው፣ ፓሴጅ (የሚነበብ ጽሁፍ) አለ፣ ኤ ቢ ሲ ዲ አለ፣ የማይመስለውን ሰርዘሽ ትገምቻለሽ። ራይቲንግ የሚባለውም አረፍተ ነገር በቅደም ተከተል አስቀምጪ ነው፣ እሱም ምርጫ። ማንም ባዶ ወረቀት ሰጥቶ ሁለት መቶ ምናምን ቃል ጻፊ ብሎ ማርክ ሰጥቶሽ አያውቅም። ስለዚህ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው ብለሽ አትደንግጪ፣ እንዲህ አይነት ስራ ሰርተሽ ስለማታውቂ ነው።

ሪዲንጉ። 60 ደቂቃ፣ 3 ፓሴጅ፣ 40 ጥያቄ። መልስ ወደ መልስ ወረቀት መገልበጫ ተጨማሪ ደቂቃ የለውም (በወረቀት ሲሆን ሊስኒንግ ላይ ያለው እዚህ የለም፣ ብዙ ልጅ እዚህ ጋ ነው የሚያልቅበት)። የተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀንስም ስለዚህ ባዶ አትተይ። ሚዛኑ ከፈተና ፈተና ትንሽ ቢለያይም አካዳሚክ ላይ ከ40 23 አካባቢ ስታገኚ 6 ነው፣ 30 አካባቢ ደግሞ 7፣ ያንቺ 6.5 መሀላቸው ነው። በሌላ አነጋገር አስር ጥያቄ ስተሽም አንቺ የምትፈልጊውን ታገኛለሽ። ይሄን ሳያውቁ ሁሉንም ካልመለስን ብለው አንድ ጥያቄ ላይ አምስት ደቂቃ የሚቀመጡ ልጆች አይቻለሁ።

ሰዓት ያልቅብኛል ያልሽው ግን የፍጥነት አይደለም ብዬ ነው የምጠረጥረው። አብዛኛውን ጊዜ ሰዓቱን የሚበላው መመላለስ ነው፣ መልሱን ታገኚዋለሽ ግን አታምኚውም፣ ተመልሰሽ ታነቢያለሽ፣ ትቀይሪዋለሽ፣ መልሰሽ ትቀይሪዋለሽ። መድሀኒቱ መጀመሪያ ሰዓት ሳይያዝ መስራት ነው። አንድ ፓሴጅ ብቻ ወስደሽ ለእያንዳንዱ መልስ «ይሄን ያልኩት እዚህ መስመር ላይ ስላለ ነው» ብለሽ በእርሳስ ታሰምሪያለሽ፣ ማስመር ካልቻልሽ መልሱ ትክክል ቢሆን እንኳን ግምት ነውና እንደተሳሳተ ቁጠሪው። ይሄ አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ፣ አንዷ ፓሴጅ ሙሉ ምሽት ልትወስድብሽ ትችላለች። ከዛ የሳትሽውን በደብተር ላይ ለምን እንደሳትሽው ትጽፊያለሽ፣ ቃሉን ስላላወቅሽው ነው፣ ጥያቄውን አንብበሽ ስላልጨረስሽ ነው፣ ወይስ ከራስሽ ጨምረሽ ነው። ጥቂት ፓሴጅ እንዲህ ሰርተሽ ደብተሩን ስታገላብጪው ስህተትሽ አንድ አይነት ሆኖ ታገኚዋለሽ። በየቀኑ ሙሉ ሞክ (የልምምድ ፈተና) እየሰሩ ውጤት ብቻ የሚመዘግቡት ግን ይሄን አያዩትም፣ ቁጥሩም ፈቀቅ አይልም።

ከራስሽ መጨመር ያልኩት ትሩ፣ ፎልስ፣ ኖት ጊቨን (እውነት፣ ሀሰት፣ ጽሁፉ ላይ የለም) የሚባለው ላይ ነው የሚገድለን። በኛ ሰፈር ላስረዳሽ። ፓሴጁ «ከቱሉ ዲምቱ ወደ መገናኛ የሚሄደው አውቶብስ ጠዋት 12 ሰዓት ስራ ይጀምራል፣ ተሳፋሪዎችም ከዛ በፊት ይሰለፋሉ» ይላል እንበል። ጥያቄው «የመጀመሪያው አውቶብስ የሚነሳው 1 ሰዓት ነው» ካለ ፎልስ ነው፣ ፓሴጁ ይቃወመዋል። «ሰዎች አውቶብሱ ስራ ሳይጀምር መጠበቂያው ጋ ይደርሳሉ» ካለ ትሩ ነው፣ ቃላቱ ተቀየረ እንጂ ሀሳቡ ያው ነው። «አውቶብሱ ከሚኒባስ ይረክሳል» ቢልስ? እኔም አንቺም እንደሚረክስ እናውቃለን፣ በየቀኑ እየከፈልን። ግን ፓሴጁ ስለ ዋጋ ትንፍሽ አላለም፣ ስለዚህ ኖት ጊቨን። ትሩ ብለሽ ከጻፍሽ ተሳሳትሽ። ፈታኙ የሚፈልገው ወረቀቱ ያለውን ብቻ ነው፣ እኛ ደግሞ የምናውቀውን ነገር ይዘን ዝም ማለት አይሆንልንም ሃሃ። ኖት ጊቨን እንዳለ ከጠረጠርሽ ፍለጋሽን አትቀጥይ፣ የሌለ ነገር ስትፈልጊ ነው ሰዓትሽ የሚሄደው፣ የላይኛውና የታችኛው ጥያቄ መልስ መሀል ከሌለ የለም በይና እለፊ። ምክንያቱም የዚህ አይነት ጥያቄዎች ፓሴጁን ተከትለው በቅደም ተከተል ነው የሚመጡት። ሄዲንግ (የፓራግራፍ ርዕስ) ማዛመድና የትኛው ፓራግራፍ ላይ ነው የሚሉት ግን አይከተሉም፣ እነሱን ለብቻ ተለማመጃቸው።

ሌላ ትንሽ ነገር፣ ከሁለት ቃል ያልበለጠ ጻፊ ሲል ሶስት ከጻፍሽ መልሱ ቢኖርበትም ዜሮ ነው፣ ስፔሊንግም እንደዛው።

እጅሽ ሲፈታ ነው ሰዓት የምትይዢው፣ መጀመሪያ በአንድ ፓሴጅ 20 ደቂቃ፣ ቀጥሎ ሶስቱን ባንዴ። ሶስተኛው ብዙ ጊዜ ስለሚከብድ ከመጀመሪያው ላይ ሁለት ሶስት ደቂቃ አትርፊለት።

ማቴሪያል የፈተናው ባለቤቶች ራሳቸው ያወጡትን ብቻ ተጠቀሚ፣ ካምብሪጅ የሚያሳትማቸው የልምምድ ፈተናዎች አሉ፣ የአይኤልትስ ዌብሳይት ላይም ነጻ ናሙና አለ። ቴሌግራም ላይ «ዘንድሮ የሚወጣው ይሄ ነው» እያሉ የሚሸጡት ነገር ላይ ብርሽን አታቃጥይ። አንዴ ዳታ ሲኖርሽ አውርደሽ ፕሪንት አድርጊው፣ መብራት ሲጠፋም በስልክ ባትሪ እያበራሽ መስራት ትችያለሽ (የኛ ሰፈርን መብራት ለአንቺ አልነግርሽም)። ከፈተናው ውጪ ለማንበብ ደግሞ ሩቅ አትሂጂ፣ እዚሁ የሚታተሙት የእንግሊዝኛ ጋዜጦች አሉ፣ ሄራልድ ቀለል ይላል፣ ፎርቹን ደግሞ ከበድ ያለ እንግሊዝኛ ነው የሚጽፈው በተለይ ኤዲቶሪያሉ፣ የሚያወራው ግን ስለምታውቂው ስለ ታክሲ ታሪፍና ስለ ዶላር ምንዛሪ ስለሆነ አዲስ ቃል ቢገጥምሽ ከሀሳቡ ተነስተሽ መገመት ትለምጃለሽ። ሰልፍ ላይ ቆመሽ አንድ ፓራግራፍ አንብቢና ስልኩን ኪስሽ ከተሽ ምን አለ ብለሽ ለራስሽ በአማርኛ ተናገሪው፣ መናገር ካቃተሽ አልገባሽም። አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻህፍት ለመሄድ ካሰብሽ ጸጥታው ጥሩ ነው ግን ከኛ ጫፍ ሩቅ ስለሆነ ሙሉ ሞክ ለምትሰሪበት ቀን አድርጊው።

ወደ ራይቲንግ። ይሄም 60 ደቂቃ ነው፣ ታስክ የሚባሉ ሁለት ጽሁፎች አሉት፣ ታስክ 1 ቢያንስ 150 ቃል፣ ታስክ 2 ቢያንስ 250፣ ታስክ 2 እጥፍ ዋጋ አለው ስለዚህ ሰዓቱን 20 ለ 40 አድርገሽ ከፋፍይው። የሚታረመው በአራት ነገር ነው፣ የተጠየቅሽውን መለስሽ ወይ፣ ሀሳብሽ ተያይዞ ይሄዳል ወይ፣ ቃላትሽ፣ ሰዋስውሽ፣ እኩል ሩብ ሩብ። ልብ በይ፣ ሰዋስው ሩብ ብቻ ነው። ልጆቹ ግን ሙሉ ጭንቀታቸው እሱ ላይ ነው፣ ጥያቄው «በምን ያህል ትስማማለህ» እያለ እነሱ ጥቅምና ጉዳት ይዘረዝራሉ።

ታስክ 1 ብዙ ጊዜ ግራፍ ነው፣ የቤታችሁን የመብራት ቢል የወራቱን ሰብስቢና በእጅሽ መስመር ግራፍ ስሪው፣ ከዛ ጻፊው። ቁጥር በቁጥር አትዘርዝሪ፣ በጥቅሉ ምን ይታያል የሚለውን ሁለት አረፍተ ነገር ከላይ አስቀምጪ፣ እሱ ኦቨርቪው ነው፣ ከሌለ ማርኩ ይወርዳል። አስተያየትሽን አትጨምሪ፣ ቢሉ ለምን እንደጨመረ ማንም አልጠየቀሽም። ስለ ታስክ 1 ይሄ ይበቃል።

ታስክ 2 (ኤሴዩ) ላይ ቴምፕሌት (ተዘጋጅቶ ያለቀ ጽሁፍ) እንዳትሸመድጂ። «በአሁኑ ዘመናዊ የግሎባላይዜሽን ዓለም» ብሎ የሚጀምረውን ሁሉም ሰው ሸምድዶታል፣ ፈታኙ ሸምድደሽ እንደመጣሽ ወዲያው ያውቃል፣ የተሸመደደም ነገር ማርክ አያመጣም። ጥያቄው ራሱ ከምታውቂው ወይ ካጋጠመሽ ምሳሌ ስጪ ይላል። ስለ ትራንስፖርት ከመጣ ስለ ለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ምን አስጨነቀሽ፣ ከኮንዶሚኒየም ወደ ስራ ለመድረስ ሰው ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ጻፊ፣ ማንም ኢንተርኔት ላይ ያልጻፈው ምሳሌ አንቺ ጋ ነው ያለው። አምስት ደቂቃ እቅድ አውጪ፣ ሁለት ሀሳብ ይበቃል፣ እያንዳንዱን አብራሪው።

አሁን ዋናው። በየቀኑ አዲስ ኤሴይ አትጻፊ። አንድ ጽፈሽ አሳርሚ፣ የታረመውን አንብቢ፣ ወረቀቱን ደብቀሽ ያንኑ ጥያቄ ከባዶ መልሰሽ ጻፊ፣ እንደገና አሳርሚ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ልዩነት ያስደንግጥሻል። በየቀኑ አዲስ ርዕስ የሚጽፉት ያንኑ ስህተት በአዲስ ርዕስ ነው የሚደግሙት። የኛ ሰው ስህተት ደግሞ ይታወቃል፣ «ምንም እንኳን... ግን» የለመደ እጅ በእንግሊዝኛም ኦልዞው ብሎ ጀምሮ መሀል ላይ በት ይጨምራል፣ አስር ተማሪ ስለምንል ብዙ ቁጥሩ ላይ ኤስ ይረሳል፣ ስለ ተወያየን ስለምንል ዲስከስ አባውት ይጽፋል፣ ኤ እና ዘ ደግሞ እንደመጣለት ነው። ከሁሉ በላይ አረፍተ ነገር አናቆምም፣ እኔ እዚህ እንደምጽፍልሽ በነጠላ ሰረዝ እየቀጠልሽ ከሄድሽ እዛ ዋጋ ያስከፍልሻል። የራስሽን ሶስት አራት ስህተት ለይተሽ የመጨረሻዎቹ ሶስት ደቂቃዎች ላይ እነሱን ብቻ ፈልጊ።

አራሚው ማን ይሁን ካልሽ፣ ያስተማረሽ የእንግሊዝኛ ቲቸር ካለ ሄደሽ አናግሪው፣ በኤሴይ ዋጋ ተነጋገሩ፣ ለኮርስ ከምትከፍይው በጣም ያነሰ ነው የሚሆነው። ቻትጂፒቲም መጠቀም ትችያለሽ ግን «አስተካክልልኝ» አትበይው፣ ያሳምረዋል፣ አንቺም አንብበሽ «አዎ እንዲህ ለማለት ነበር» ትያለሽ፣ ፈተናው ቀን እሱ የለም። «ስህተቱ ያለበትን መስመር ብቻ ንገረኝ፣ እኔ አርማለሁ» በይው። «ባንድ» የሚባለውን የአይኤልትስ ውጤትም ይሰጥሻል፣ እሱን አትመኚው።

በወረቀት ነው በኮምፒውተር የምትፈተኚው የሚለውን ስትመዘገቢ አጣሪ። በኮምፒውተር ከሆነ በስልክ መታየብ ልምምድ አይሆንም፣ ኪቦርድ ያለበት ቦታ ፈልገሽ 40 ደቂቃ ሳታቋርጪ ታየቢ። በወረቀት ከሆነ በእጅ ጻፊ፣ እጅ ይደክማል።

ዱኦሊንጎ (ሌላ የእንግሊዝኛ ፈተና) አይሻልም ወይ ላሉሽም፣ ኮሌጁ ከተቀበለው ይረክሳል፣ አንድ ሰዓት አካባቢ ነው፣ ቤት ሆነሽ በካሜራ ነው የምትፈተኚው። ግን ቤትሽ ኮዬ ነው፣ መሀል ላይ መብራት ወይ ኔትወርክ ቢጠፋ ፈተናሽ ሊበላሽ ይችላል፣ እኔ ብሆን መሀል ከተማ አስተማማኝ መብራት ያለበት ጸጥ ያለ ክፍል ካላገኘሁ አልሞክረውም። ቶፍል (እሱም የእንግሊዝኛ ፈተና ነው) ካሰብሽ ደግሞ በፈረንጆቹ 2023 አጥሯል ከዛ በኋላም ተቀያይሯል፣ የድሮ መጽሀፍ ይዘሽ እንዳትዘጋጂ።

አንድ የረሳሁት፣ የኮሌጁን ደብዳቤ ድጋሚ አንብቢው። 6.5 ኦቨርኦል ብቻ ነው ወይስ በየክፍሉም ዝቅተኛ አለው? ኦቨርኦል የአራቱ አማካይ ነው፣ ወደ ቅርብ ግማሽ ይጠጋል፣ ሊስኒንግ 7 ስፒኪንግ 6.5 ሪዲንግና ራይቲንግ 6፣ 6 ብታመጪ አማካዩ 6.375 ነው፣ 6.5 ይሰጥሻል። ራይቲንግ ከ6 እንዳይወርድ ካለ ግን ልምምድሽን ከዛ ጀምሪ። እሱን አይተሽ እዚሁ ጻፊልኝ፣ አንድ ታስክ 2ም በእጅሽ ጽፈሽ ፎቶ አንስተሽ ላኪ፣ ቅዳሜ አየዋለሁ፣ በኤአይ ያልነካሽውን ግን።