አፍንጫዋን ዝቅ ያደረግናት ፒክአፕ መሪ አልይዝ አለች
የመኪና ዓምድ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የምኖረው በኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ ነው። የ1951 ሞዴል ሼቭሮሌት 3100 ፒክአፕ ገዝቼ በዕረፍት ቀኖቼ ወደ ሆት ሮድ (ለፍጥነትና ለመልክ ተብሎ ወደሚሻሻል አሮጌ መኪና) እየለወጥኳት እገኛለሁ። ለሥራው የመደብኩት ገንዘብ ከ6,000 ዶላር አይበልጥም። መልኳ እንዲያምር ከፊት ባሌስትራዎቿ ሁለት ሁለት ብረት አውጥቼ አፍንጫዋን 4 ኢንች ያህል ዝቅ አደረግኋት፤ ጎማዎቿንም ዛሬ በተለመደው ዓይነት፣ በራዲያል ቀየርኩ። ከዚያ ወዲህ በሰዓት 50 ማይል ላይ ስደርስ ግራና ቀኝ ትዋልላለች፤ ጉድጓድ ስትመታ ደግሞ መሪው በእጄ ላይ በኃይል ይንቀጠቀጣል። አንድ ጋራዥ የፊቱን አክስል አስወግጄ የመስታንግ ቱ ዓይነት ኪት (ከትንሽ ፎርድ የተወረሰ የፊት እግር) እንዳስበይድ መክሮኝ 4,500 ዶላር ጠየቀኝ። ጓደኛዬ ግን ገላዋን አንሥተህ በኤስ-10 (በኋላ ዘመን በተሠራች ትንሽ የሼቭሮሌት ፒክአፕ) ሻንሲ ላይ አሳርፋት ይለኛል። እናንተስ ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ሁለቱም ምክሮች ብዙ ሰው የተጠቀመባቸው ናቸው፤ ሆኖም ሁለቱም መኪናዋ ምን እንደነካት ሳይመረመር የተሰጡ ይመስለናል። ከጻፉልን እንደምንረዳው፣ አክስሉ ያለ ጥፋቱ ሊወገድ ነው።

መኪናዋን ከጎን ሆነው ቢመለከቷት፣ ጎማው የሚዞርበት ኪንግፒን ቀጥ ብሎ የቆመ ሳይሆን ራሱ ወደ ኋላ ጥቂት ዘንበል ያለ መሆን አለበት። ይህ ዘንባሌ ካስተር ይባላል፤ ከመታጠፊያ በኋላ መሪው በራሱ ወደ መሐል የሚመለሰውና መኪናዋ በቀጥታ መንገድ ላይ አቅጣጫዋን የምትይዘው በአብዛኛው በእርሱ ምክንያት ነው። በእርስዎ ፒክአፕ የፊትና የኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 116 ኢንች ስለሆነ፣ ፊቷ ከኋላዋ በ2 ኢንች በወረደ ቁጥር ሻንሲዋ ወደ ፊት 1 ዲግሪ ያህል ያጋድላል፤ ባሌስትራውና አክስሉም አብረውት ስለሚያጋድሉ ካስተሩ በዚያው ልክ ይቀንሳል። እርስዎ 4 ኢንች ሲያወርዷት 2 ዲግሪ ያህል ወስደውባታል ማለት ነው። በዚያ ላይ መኪናዋ ስትሠራ ራዲያል ጎማ አልታሰበላትም፤ ራዲያል ደግሞ ከአሮጌው ዓይነት ጎማ የበለጠ ካስተር ይፈልጋል። ስለዚህ መዋለሏ የሚያስገርም አይደለም።

ካስተሩን ከመንካትዎ በፊት ግን ኪንግፒኑን ይፈትሹ። አክስሉን በክሪክ አንሥተው በማስደገፊያ ካሳረፉ በኋላ፣ ጎማውን በአንድ እጅ ከላይ በሌላው ከታች ይዘው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይወዝውዙት። ከተወዛወዘ፣ አንድ ሰው ፍሬኑን ረግጦ እንዲይዝልዎ ያድርጉና ይድገሙት፤ ፍሬኑ ሲያዝ ውዝዋዜው ከጠፋ የላላው ኩሽኔታው ነው፣ ካልጠፋ ግን ያለቀው ኪንግፒኑና ቡሹ ነው። ጉድጓድ ስትመታ የሚመጣው መንቀጥቀጥ ብዙውን ጊዜ መነሻው ይኸው ነው፤ የላላ ቴስቲና ወይም የላላ የመሪ ሳጥን ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። የኪንግፒን ጥገና ዕቃ ከኪቱ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ኢምንት ነው፤ አዲሱን ቡሽ ልክ ማስገባት ግን የሞርሳና የመዶሻ ሥራ ስላልሆነ ለቶርኖ ቤት ይስጡት።

ካስተሩን ለመመለስ በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል የሚገባ የብረት ሽብልቅ ይበቃል። የሽብልቁ ወፍራም ጎን ወደ ኋላ መዞር አለበት። ይህን የምጽፈው በመጽሐፍ አይቼ ብቻ አይደለም፤ ይህ ዓምደኛ ከዓመታት በፊት ወፍራሙን ጎን ወደ ፊት አድርጎ አስሮ፣ መሪው እንደ ውኃ ቀልሎት ደስ ሲለው በመጀመሪያው አውራ ጎዳና ላይ የጎረቤት መስመር ውስጥ ገብቶ ተገኝቷል። ሽብልቁ ከገባ በኋላ የባሌስትራውን የመሐል ቡሎን ረዘም ባለ ይተኩ፤ ከዚያም ዊል አላይመንት አስደርገው ካስተሩ ከ4 እስከ 6 ዲግሪ ውስጥ መሆኑን፣ የጎማዎቹ የፊት ጫፎችም ከኋላ ጫፎቹ በ1/8 ኢንች ያህል የተቀራረቡ መሆናቸውን በጽሑፍ ይቀበሉ።

ያወጧቸውን የባሌስትራ ብረቶች በተመለከተ፣ መልሰው ቢያስገቧቸው እንመርጣለን። ባሌስትራው ሲሳሳ አክስሉ በጉድጓድ ላይ ሻንሲውን ይመታል። ዝቅታውን ካልተዉ፣ ጫፎቹ ወደ ላይ የታጠፉና መሐሉ የወረደ ለዚሁ መኪና የተሠራ አክስል ይሸጣል፤ ባሌስትራው ሳይነካ 3 ወይም 4 ኢንች ያወርዳታል። ይህ የድሃ ዘዴ እንዳይመስልዎ፤ በደቡብ ካሊፎርኒያ ወጣቶች በ1930ዎቹ በሙሮክ ደረቅ ሐይቅ ላይ ፎርዶቻቸውን ያስሮጡ የነበረው በዚሁ ወጥ አክስል ነው።

የተረፈዎትን ገንዘብ ፍሬን ላይ ያውሉት፤ እዚህ ላይ መቆጠብ የለም። መኪናዋ አራቱንም ጎማ የሚያዘው ባለ አንድ ክፍል ማስተር ሲሊንደር ነው ያላት፤ አንድ ቧንቧ ቢያፈስ የቀረው ሁሉ አብሮ ይሞታል። በአሜሪካ መኪኖች ባለ ሁለት ክፍሉ አጠቃላይ የሆነው በ1967 ነው። ባለ ሁለት ክፍል ማስተርና የፊት ዲስክ ፍሬን ያስገቡ፤ ማስተሩ ከወለሉ በታች ስለሆነና ከዲስኩ መያዣ ዝቅ ሊል ስለሚችል፣ ፈሳሹ ወደ ኋላ እንዳይመለስ በዲስኩ መስመር ላይ 2 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ) የሚይዝ ቫልቭ ያስፈልጋል። ይህን የዘለለ ሰው ፔዳሉን ሁለት ጊዜ ካልረገጠ አይቆምም።

የመስታንግ ቱ የፊት እግር ከ1974 እስከ 1978 ከተሠራችው ትንሽ ፎርድ የተወረሰ ነው። ከባድ ቪ-ስምንት ሞተር አስገብተው ረጅም መንገድ የሚሄዱ ቢሆን ኖሮ ሐሳቡን እንደግፈው ነበር። ሆኖም አንድ ጎኑ ክፍት የሆነው ሻንሲ ተደፍኖ መበየድ፣ የታችኛው ክንድ በመኪናዋ የመጨረሻ ቁመት ላይ ከመሬት ጋር ትይዩ ሆኖ መቀመጥ አለበት። የመሪው ዘንግ ጥቂት ከተዛነፈ ጎማው በየጉብታው በራሱ ይዞራል፤ ከ6,000 ዶላር ላይ 4,500 ከፍለው ይህን ለማረም ምን ይቀርዎታል? ኤስ-10ን በተመለከተ፣ የረጅም አልጋው ሻንሲ 117.9 ኢንች ስለሆነ በርዝመት ይቀራረባል፤ ነገር ግን ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ይገባሉ፣ የገላው መያዣዎች ሁሉ እንደገና ይሠራሉ። ሊብሬዋም በየትኛው ቁጥር እንደሚጸና ከመቁረጥዎ በፊት የተሽከርካሪ ምዝገባ ቢሮውን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከሜሪላንድ ነው። ለ1955 ፎርድ ኤፍ-100 ፒክአፕ የፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ የፊት እግር ይሆናል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ የነዳ ሐበሻ ሁሉ ክራውን ቪክቶሪያን ያውቃታል። የሚፈለገው ከ2003 እስከ 2011 የተሠራው ነው፤ ከአሉሚኒየም የተሠራው መስቀለኛ አካል ከነመሪው፣ ከነክንዶቹና ከነዲስኮቹ በቡሎን ተፈትቶ ይወጣል። ችግሩ ስፋቱ ነው፤ የክራውን ቪክቶሪያን ቸርኬ ወይም እንደ እርሱ ወደ ውስጥ ጠልቆ የሚገባ ቸርኬ ካልተጠቀሙ ጎማው ከፓራፋንጎው ውጭ ይቀራል። ቸርኬው የሚታሰርባቸው ቡሎኖች ክብም 5 በ4.5 ኢንች (5 ቡሎን፣ 4.5 ኢንች ስፋት ባለው ክብ ላይ) ሲሆን የኤፍ-100 ግን 5 በ5.5 ነው፤ ስለዚህ ፊትና ኋላው አንድ ቸርኬ እንዲወስድ ከ1995 እስከ 2001 ከተሠራ ፎርድ ኤክስፕሎረር ዲፈረንሻሉን ከነዲስክ ፍሬኑ ይፈልጉ። አሮጌውን አክስል ከመፍታትዎ በፊት የጎማውን እምብርት በሻንሲው ላይ በኖራ ምልክት ያድርጉበት፤ አንዴ ከተቆረጠ በኋላ ጎማው በፓራፋንጎው መሐል የት እንደነበረ የሚነግርዎ ሌላ ነገር አይኖርም።