የጎርጎራን ግንብ ለምታስጎበኙ ልጆች

ልጆቼ፣ ከባሕር ዳር ጣናን አቋርጣችሁ ጎርጎራ ስትደርሱ፣ በአሮጌው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ በማርያም ግንብ ፊት እንግዳው የሚጠይቃችሁ «ማን ሠራው?» ብሎ ነው። «ፖርቹጋሎች» ብላችሁ አትገላገሉት። በጎርጎራ ያስተማረውና በ1614 ዓ.ም. እዚያው ያረፈው የጀስዊት (የካቶሊክ ሚስዮናውያን ማኅበር) ካህን ፔድሮ ፓኤዝ እስፓኛዊ ነበር። በዘመኑ ለነበረው ግንባታ ከህንድ የመጡ ግንበኞችም የአገሩ ሠራተኞችም እጅ አለበት። በአፄ ሱስንዮስ ድጋፍ እንደተሠራም አትርሱ።

ብዙ አስጎብኚ የሚሰናከለው በዘመን ቁጥር ነው። የጀስዊቶቹ ደብዳቤዎች በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። የፈረንጁ ዓመት የሚለወጠው በእኛ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ስለሆነ፣ ከመስከረም እስከዚያ ለተፈጸመው 7፣ ከዚያ በኋላ ላለው 8 ቀንሱ። ሱስንዮስ ለሮሙ ጳጳስ ታማኝነት የማሉት የካቲት 1626 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ 1618 ዓ.ም. ይሆናል። ሁሉንም በ8 የሚቀንስ ሰው የጥቅምትን ነገር አንድ ዓመት ወደ ኋላ ይጥለዋል። ደግሞ የኦርቶዶክስን ሃይማኖት የመለሱት ፋሲለደስ ብቻ ናቸው አትበሉ፤ በሰኔ 1624 ዓ.ም. አዋጁን ያስነገሩት ሱስንዮስ ራሳቸው ናቸው። ጀስዊቶቹን ያስወጡት ግን ፋሲለደስ ናቸው።

ከዚያ እንግዳውን ወደ ግድግዳው አስጠጉት። በጣና ደሴቶች የለመደው ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቅኔ ማሕሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ እየተባለ ወደ ውስጥ የሚገባ። ይሄኛው ግን ረጅም፣ ባለ አራት ማዕዘን ነው። በድንጋዮቹ መሃል ነጣ ያለ ነገር ይታያል፤ ኖራ ነው። የኖራ ድንጋይ በ900 ዲግሪ ገደማ ይቃጠላል፣ ውኃ ሲፈስበት እየፈላ ይፈርሳል፤ አንዱ እጅ ከሦስት እጅ አሸዋ ጋር ይቦካል። የሚጠነክረው ከአየር ጋር ቀስ እያለ ነው፤ ቶሎ ከደረቀ ይፈረካከሳል። ስለዚህ «ጠንካራ ነው» ብሎ ስንጥቁን በሲሚንቶ የሚደፍን ሰው ካያችሁ ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ንገሩ። ሲሚንቶ እርጥበቱን በመጋጠሚያው እንዳይወጣ ያግደዋል፤ ውኃው በድንጋዩ በኩል መውጫ ይፈልግና ፊቱን ይልጠዋል። ይህ የሚታየው ደግሞ ከጥቂት ክረምት በኋላ ነው፤ ያኔ ጠጋኙ የለም።

ግንቡ ላይ የበቀለ ሾላም አትንቀሉ። ሥሩ ድንጋዮቹን ይዟቸዋል፤ ሲነቀል አብረውት ይወርዳሉ። ባለሙያ ከሥሩ ቆርጦ ያደርቀዋል። የእናንተ ሥራ ስንጥቁን በየዓመቱ ከአንድ ቦታ ቆማችሁ፣ ሜትር አስደግፋችሁ ፎቶ ማንሳትና ቀኑን መጻፍ ነው።